የሀዋሳ አፈርና የመሬት መንቀጥቀጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ለወራት ሲናጥ ከከረመ ወዲህ፣ ሀዋሳ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ወሬያችን እዚያው ላይ ያርፋል። እኔ ውዬ የማመሸው ግንባታ ሳይት ላይ ነው። ፋውንዴሽን ሲቆፈር ብዙ ቀን ቆሜ አይቻለሁ። የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤያለሁ። አንዳንዱ ጥያቄ ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ለአንዳንዱ ሁለት መስመር ይበቃዋል።

መንቀጥቀጡ አንድ፣ ሬክተር ስኬሉም አንድ። ታዲያ ለምን አንዱ ሰፈር ፈርሶ ሌላው ይተርፋል?

ዜና ላይ የምንሰማው ቁጥር ከመሬት ውስጥ፣ ከምንጩ፣ ምን ያህል ጉልበት እንደወጣ ነው የሚነግረን። ለአንድ መንቀጥቀጥ አንድ ቁጥር ይበቃል። እናንተ ቤት ደጃፍ የሚደርሰው ንቅናቄ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን የሚወስኑት ከምንጩ ያላችሁ ርቀትና የቆማችሁበት መሬት ናቸው። ቤቱ ይቻለው እንደሆነ ደግሞ አሠራሩ ይወስናል። ስለ ርቀቱና ስለ አሠራሩ ሰው ይጠይቃል። ስለ መሬቱ የሚጠይቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ነው። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው።

ከአስፋልት ወጥተው ጭቃ ውስጥ የሚገቡ ባጃጆችን አስቡ። አስፋልቱ ላይ ተራርቀው ይበራሉ። የመጀመሪያው ጭቃው ጋ ሲደርስ ቀስ ይላል። የኋለኛው ይደርስበታል። ወዲያው ሁሉም ይታጨቃሉ። የመንቀጥቀጥ ሞገድም እንደዚያ ነው። በጠንካራ አለት ውስጥ በሰከንድ ከ800 ሜትር በላይ ይሮጣል። ለስላሳ አፈር ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ 200 ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይወርዳል። ይዞት የመጣው ጉልበት ግን አብሮት አለ። ስለዚህ ሞገዱ ያጥርና ቁመቱ ያድጋል። አለት ላይ ሆኖ ቀላል ንዝረት የነበረው፣ ለስላሳ አፈር ላይ ሲደርስ ቤት የሚያወዛውዝ ይሆናል።

ከሀዋሳ ሥር ያለው መሬት ምን ዓይነት ነው?

ሀዋሳ የተቀመጠችው በትልቅ ገንዳ ውስጥ ነው። ገንዳውን የሠራው ጥንት የፈነዳና ወደ ውስጥ የተደረመሰ እሳተ ገሞራ ነው። ሐይቁ የተኛው እዚያ ድርምስ ውስጥ ነው። ከሰሜን ምዕራብ በኩል ደግሞ ከሱ በኋላ የመጣው የኮርቤቲ እሳተ ገሞራ አለ። ሐይቁ በምድር ላይ የሚፈስ መውጫ ወንዝ የለውም። የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ የሚወጣ የለም። ይህ ማለት ከምሥራቁ ከፍታ እየታጠበ የወረደው አፈር፣ እሳተ ገሞራዎቹ የበተኑት አመድና ፑሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ)፣ ሐይቁ ራሱ ያነጠፈው ደለል፣ ሁሉም እዚሁ ገንዳ ውስጥ ሲከማች ነው የኖረው። ሐይቁ በጥንት ዘመን ከዛሬው ይሰፋ ስለነበር፣ ዛሬ ሰፈር የሆነው ቦታ አንድ ወቅት የሐይቅ ወለል ሊሆን ይችላል።

ወሬ ብቻ እንዳይሆን አንድ ጉድጓድ ላሳያችሁ። ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ ሳይት ላይ ለፉቲንግ (የቤቱ ምሰሶ ለሚያርፍበት መሠረት) ሲቆፈር ከጎኑ ቁጭ ብዬ ነበር። ከላይ ጥቁር አፈር፣ እስከ ጉልበት ድረስ። ከሥሩ ግራጫ ደቃቅ ነገር፤ በጣት ሲያሹት ዱቄት ነው። ከዚያ ነጣ ያለ ፑሚስ፣ ከባቄላ እስከ ሎሚ የሚያክል፣ ልል ሆኖ የተዘረገፈ። ከዚያ እርጥብ አሸዋ። ከሰው ቁመት ትንሽ ሲያልፍ ውኃ ከጎን መንጠባጠብ ጀመረ። አንድ የፑሚስ ቁራጭ አንስቼ የተጠራቀመው ውኃ ላይ ጣልኩት። ተንሳፈፈ። ቆፋሪዎቹ አልገረማቸውም፤ በየቀኑ ያዩታል። እኔ ግን እዚያ ላይ ስንት ፎቅ ሊቆም እንደሆነ ሳስብ ዝም ብዬ ቀረሁ።

እንዲህ ያለ መሬት ላይ መሥራት አይቻልም ማለቴ አይደለም። ፑሚሱ ለብሎኬት ጥሩ ነው፤ ብዙ ቤትም ሠርቶልናል። ግን ልል ነው፣ ቀላል ነው፣ ፍሬው ሲጨመቅ ይሰበራል። ደግሞም በሃያ ሜትር ርቀት ውስጥ ድርድሩ ሊቀያየር ይችላል። የጎረቤት መሬት የናንተን አይናገርም።

የታቦርና የአላሙራ ኮረብታዎች ሌላ ናቸው። እነሱ ከደለሉ መሃል ብቅ ያሉ የእሳተ ገሞራ አለቶች ናቸው። ስለዚህ አንድ ከተማ ውስጥ አለትም፣ ልል ፑሚስም፣ ረግረግም አለን።

ፈንታሌ ሩቅ ነው። እኛ ምን አስጨነቀን?

እውነት ነው፣ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ግን መንቀጥቀጥ የሚነሳበት የራሳችን የከርሰ ምድር ስንጥቅ አለን። ጥር 15 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በአራተኛው ቀን፣ እሑድ ዕለት የሆነውን የከተማው ሰው ያስታውሰዋል። የዚያ መንቀጥቀጥ ምንጭ ከሐይቁ ምዕራብ ነበር። በኋላ የተሠራው ጥናት ጥልቀቱን 4.55 ኪሎ ሜትር፣ መጠኑን እንደ መለኪያው ዓይነት 4.29 እና 4.68 አድርጎታል። እስከ 100 ኪሎ ሜትር ድረስ ተሰምቷል። ከተማው ውስጥ ሕንፃዎች ተጎድተዋል፤ ሰውም ክፉኛ ደንግጧል።

መጠኑን ልብ በሉ። በዓለም ደረጃ ይህ ትንሽ የሚባል ነው። ትንሹ እንዲህ ያሳየን ቅርብና ጥልቀቱ አነስተኛ ስለነበር ነው። አንዱ ሰፈር ከሌላው ለየት ብሎ የተሰማው እንደሆነ ደግሞ፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት አፈሩ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሀዋሳ ወጣት ከተማ ናት፤ የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። በአካባቢያችን ስምጥ ሸለቆ ከተመዘገቡት ትልቁ የሆነው የላንጋኖው መንቀጥቀጥ የደረሰው ግን ነሐሴ 1898 ዓ.ም. ነው። ያኔ እዚህ ከተማ አልነበረም። የሚፈርስ ፎቅም፣ ስንጥቅ የሚቆጥር ሰውም አልነበረም። «ሀዋሳ እኮ ከባድ ነገር ደርሶባት አያውቅም» የሚለኝ ሰው ሳገኝ የምመልሰው ይህንን ነው። አልደረሰባትም ማለት አልተፈተነችም ማለት ነው።

ሐይቅ ዳር መሬት ይሰምጣል የሚባለው እውነት ነው?

ሊሆን ይችላል። የሚሆነው ግን ሦስት ነገር ሲገጥም ነው፦ ልል አሸዋ ወይም ደቃቅ አፈር፣ ቅርብ የከርሰ ምድር ውኃ፣ እና በቂ ጉልበት ያለው፣ ቆየት የሚል መንቀጥቀጥ።

ቤታችሁ ሞክሩት። ብርጭቆ ውስጥ አሸዋ ሳትጠቀጥቁ አፍስሱ። እስኪጠግብ ውኃ ጨምሩበት። የአንድ ብር ሳንቲም በቁሙ ግማሽ ድረስ ሰክታችሁ አቁሙ። አሁን የብርጭቆውን ጎን በማንኪያ ቶሎ ቶሎ ምቱ። አሸዋው ወደ ታች ይጠጋጋል፤ ውኃው ወደ ላይ ይገፋል። ሳንቲሙ ያዘነብላል፤ አንዳንዴም ይሰጥማል። የአሸዋው ፍሬዎች ተደጋግፈው ነበር ሸክሙን የያዙት። ሲናጡ በመሃላቸው ያለው ውኃ ሸክሙን ይቀበላል፤ ውኃ ደግሞ ቤት አይሸከምም። ለዚያች ጥቂት ጊዜ አፈሩ እንደ ፈሳሽ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1964 በጃፓን ኒጋታ ከተማ የሆነው ይህ ነው። የመኖሪያ ፎቆች ግድግዳቸው ብዙም ሳይሰበር አዘነበሉ፤ አንዱ ሊጋደም ምንም አልቀረውም። ኮንክሪቱ ምንም አላለም፤ የከዳቸው መሬቱ ነው። ፎርማን ሲጨቃጨቅ የምንሰማው ስለ ሲሚንቶና ስለ ፌሮ ነው። ኒጋታ ላይ ሁለቱም ደህና ነበሩ።

ከሐይቁ ዳርቻ፣ ከጥቁር ውሃ አካባቢና ከረግረጉ አጠገብ የምትሠሩ ሰዎች ይህንን በስሙ ጠይቁ። መሐንዲሱን «መንቀጥቀጥ ሲመጣ ይህ አፈር ይፈሳል ወይ?» በሉት። የውኃውን ጥልቀት ደግሞ በየትኛው ወር እንደለካ ጠይቁ። የካቲት ላይ የተለካና መስከረም ላይ የተለካ አንድ አይደሉም።

ፎቅ ከፍ ባለ ቁጥር አደጋው ይጨምራል?

ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው።

ዥዋዥዌ የሚጫወት ልጅ ገፍታችሁ ታውቃላችሁ። በትክክለኛው ሰዓት ከገፋችሁት፣ በትንሽ ጉልበት ከፍ ከፍ እያለ ይሄዳል። ያለ ሰዓቱ ከገፋችሁት ይገታል። ሕንፃም አፈርም የየራሳቸው የውዝዋዜ ጊዜ አላቸው። ሁለቱ ሲገጥሙ፣ እያንዳንዱ የመሬት ግፊት ሕንፃውን በሰዓቱ ነው የሚያገኘው።

ግምቱን ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ለሕንፃ፣ ለእያንዳንዱ ወለል 0.1 ሰከንድ ያዙ። ባለ አራት ወለሉ፣ ማለትም ጂ+3፣ 0.4 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ለአፈር ደግሞ የለስላሳውን አፈር ውፍረት በአራት አባዙና በሞገዱ ፍጥነት አካፍሉ። 20 ሜትር ውፍረት፣ በሰከንድ 200 ሜትር ፍጥነት ቢሆን 0.4 ሰከንድ ይመጣል። ከጂ+3ቱ ጋር ገጠመ ማለት ነው። ውፍረቱ 40 ሜትር ቢሆን 0.8 ሰከንድ፤ አሁን የሚጎዳው ጂ+7ቱ ነው። እንግዲህ ያው ጂ+3 አንዱ ሰፈር ላይ ደህና ሆኖ ሌላው ላይ ሊቸገር ይችላል። ይህ ግምት ዲዛይን አይተካም። ግን መሐንዲሱን ምን እንደምትጠይቁት ያሳያችኋል።

ሜክሲኮ ሲቲ ይህንን በከባድ ዋጋ ተምራዋለች። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 19 ቀን 1985፣ መጠኑ 8.0 የሆነ መንቀጥቀጥ በፓስፊክ ዳርቻ ተነሳ። ምንጩ ከከተማዋ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከዳርቻው ይልቅ ክፉኛ የተጎዳችው ግን እሷ ናት። የከተማዋ መሃል የቆመው ደርቆ በተሞላ የሐይቅ ወለል ላይ ነው። ሥሩ ያለው ጭቃ በሁለት ሰከንድ ልክ ይወዛወዝ ነበር። ከስድስት እስከ አሥራ አምስት ወለል ያላቸው ሕንፃዎች ተመርጠው የተመቱ እስኪመስል ድረስ ወደቁ። ብዙ ዝቅተኛ ቤቶች ግን ተርፈዋል። በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። በዚያው ከተማ አለት ላይ ያሉት ሰፈሮች ጉዳታቸው ትንሽ ነበር።

የኛ አፈር የሜክሲኮን ያህል ለስላሳ ነው እያልኩ አይደለም። ግን ከተማችን በሐይቅ ደለል ላይ ፎቅ እያበዛች ስለሆነ፣ ታሪኩን ልናውቀው ይገባል።

ሸለቆ ወይም ገንዳ ውስጥ መሆን በራሱ ምን ለውጥ ያመጣል?

ሳፋ ላይ ውኃ ሞልታችሁ አንዴ ገፋ አድርጉት። እጃችሁን ካነሳችሁ በኋላም ውኃው ከዳር ዳር እየተማታ ይቆያል። ደለል የሞላበት ገንዳም እንደዚያው ነው። ሞገዱ ከሥርና ከጎን ካለው አለት ጋር እየተላጋ ቶሎ አይወጣም። መንቀጥቀጡ ይረዝማል። መርዘሙ ደግሞ ከባድ ነገር ነው፤ በመጀመሪያው ውዝዋዜ የተሰነጠቀ ኮለን (ምሰሶ) በአሥረኛው ሊሰበር ይችላል።

የገንዳው ጠርዝም የራሱ ጠባይ አለው። ከሥር የሚመጣው ሞገድና ከጠርዙ ተነስቶ ላይ ላዩን የሚሄደው ሞገድ የሚገናኙበት ቦታ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1995 በጃፓን ኮቤ ክፉኛ የወደመው ሰፈር ከተራራው ግርጌ ፈንጠር ብሎ እንደ መቀነት የተዘረጋ ነበር። ስንጥቁ ላይ በትክክል የተቀመጠው ቦታ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1967 በቬንዙዌላ ዋና ከተማ ካራካስ ላይም ረጃጅም ፎቆች የወደቁት የሸለቆው ደለል በወፈረበት ሰፈር ነው። የኔፓል ዋና ከተማ ካትማንዱ ደግሞ የድሮ ሐይቅ ወለል ላይ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ሸለቆው በጣም በቀስታና በረጅሙ ተወዛወዘ። ለዚህም ነው ዝቅ ያሉ ቤቶች ከተፈራው ያነሰ የተጎዱት።

ታቦር ወይም አላሙራ ሥር ብሠራ ይሻላል?

ከሥር አለት መኖሩ ጥሩ ነው። ሆኖም የኮረብታ ጫፍ ራሱ ንቅናቄን ያጎላል። ተዳፋቱ ላይ ልል ድንጋይ ካለ ደግሞ ይወርዳል። እኔ ከሁሉም የምፈራው ግማሹ ተቆርጦ ግማሹ ተሞልቶ የተደለደለ ቦታን ነው። የቤቱ አንድ እግር አለት ላይ፣ ሌላው እግር ሙሌት ላይ ይሆናል። መሬቱ ሲናወጥ ሁለቱ እግሮች እኩል አይሄዱም፤ ቤቱ መሃል ላይ ይቀደዳል። እንዲህ ያለ ቦታ ካላችሁ ሁሉንም ፉቲንግ አንድ ዓይነት መሬት ላይ አድርሱት።

የአፈር ምርመራ ስንል በእርግጥ ምን ይደረጋል? ወጪው ያዋጣል?

ያዋጣል። ከጠቅላላ ወጪያችሁ ጋር ስታስተያዩት ትንሽ ነው።

የተለመደው እንዲህ ነው። ማሽን ጉድጓድ ይበሳል። በየተወሰነ ጥልቀቱ 63.5 ኪሎ የሚመዝን መዶሻ ከ76 ሴንቲ ሜትር ከፍታ በቱቦ ላይ ይለቀቃል። ቱቦው የመጨረሻውን 30 ሴንቲ ሜትር ለመግባት ስንት ምት እንደወሰደበት ይቆጠራል። ቆማችሁ ቁጠሩ፤ ማንም አይከለክላችሁም። ከ15 በታች ከሆነ አፈሩ ልል ነው። ከ50 በላይ ከሆነ ጠንካራ ነው። አንዳንድ ቦታ ቱቦው በሦስትና በአራት ምት ጥልቅ ብሎ ሲገባ ታያላችሁ። ያንን ያየ ሰው ስለ ፋውንዴሽን ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

አሁን የምንጠቀምበት የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ መሬትን ከኤ እስከ ኢ በአምስት ይመድባል። ኤ አለት ነው። ዲ ልል ወይም ለስላሳ አፈር ነው። ኢ ደግሞ ከ5 እስከ 20 ሜትር የሚሆን ልል አፈር ጠንካራ መሬት ላይ የተቀመጠበት ነው። የኛ ኮድ መሠረት ያደረገው አውሮፓዊው ኮድ ለትልቅ መንቀጥቀጥ ባስቀመጠው ሠንጠረዥ፣ ኤ 1 ሲሆን ዲ 1.35፣ ኢ 1.4 ይባዛል። ማለትም ያው መንቀጥቀጥ፣ ያው ቤት ሆኖ ሳለ፣ ከሥር ያለው አፈር ብቻ ጭነቱን በሲሶ ከዚያም በላይ ያሳድገዋል። ሊፈስ የሚችል አፈር ደግሞ ከአምስቱም ውጪ ነው፤ ልዩ ጥናት ይጠይቃል።

ሪፖርቱ ሲመጣ ይህች ፊደል መጻፏን እዩ። የውኃውን ጥልቀት እዩ። ጉድጓዱ የናንተ ግቢ ውስጥ መቆፈሩን አረጋግጡ። አንድ ጊዜ የሌላ ሰው ቦታ ሪፖርት ስሙ ብቻ ተቀይሮ ሲቀርብ አይቻለሁ፤ ያሳዘነኝ ባለቤቱ የከፈለውን ገንዘብ ሳስብ ሳይሆን ልጆቹን ሳስብ ነው።

አፈሩ ልል ነው ከተባልኩስ? ሰሌክት ማቴሪያል (ከሌላ ቦታ የሚመጣ የተመረጠ የሙሌት አፈር) ብሞላ በቂ ነው?

ለቀላል ቤት፣ ልሉ ሽፋን ስስ ከሆነ፣ ቆርጦ አውጥቶ በደንብ እየጠቀጠቁ መሙላት ይረዳል። በስስ በስሱ፣ በሮለር፣ እየተፈተነ መሆን አለበት። ጠቅላላውን ገልብጦ ላዩን ማስተካከል ሙሌት አይባልም። ለፎቅ ግን አንድ ሜትር ሰሌክት ከሥሩ ያለውን 20 ሜትር ልል አፈር አይለውጠውም። ያኔ ማት ፋውንዴሽን (ከቤቱ ሥር ሁሉ የሚነጠፍ አንድ ወፍራም ኮንክሪት) ወይም ፓይል (ወደ ጥልቅ መሬት የሚወርድ ምሰሶ) ይታሰባል። ፉቲንጎቹን በግሬድ ቢም (እርስ በርስ በሚያያይዛቸው የኮንክሪት ማገር) ማሰር ደግሞ ለሁሉም ነው።

ቤቴ ከተሠራ ቆይቷል። አሁን ምን ላድርግ?

መሬቱን መቀየር አትችሉም፤ ቤቱን ማገዝ ግን ትችላላችሁ። መጀመሪያ ምድር ቤቱን እዩ። ከላይ ግድግዳ ሞልቶት ከታች ለሱቅ ተብሎ ባዶ ኮለን ብቻ ከሆነ፣ ንቅናቄው ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። መሐንዲስ አምጥታችሁ ኮለኖቹን ማወፈር ወይም የኮንክሪት ግድግዳ መጨመር ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶ አስቡት፤ የሺህ ሊትሩ ሲሞላ አንድ ቶን ነው። ኮለን የሌለው ረጅም የብሎኬት አጥርም ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚወድቀው እሱ ነው፤ ልጆች የሚጫወቱት ደግሞ ሥሩ ነው።

የጭቃ ቤትስ?

እንጨቱ ጤነኛ ከሆነ ከሚታሰበው ይሻላል። ቀላል ነው፤ ይተጣጠፋል። ምስጥ የበላው ከሆነ ግን ከውጪ ቢያምርም አትመኑት። የቋሚውን እግር በመጥረቢያ ጀርባ መታ መታ አድርጋችሁ ድምፁን ስሙ።

አዳማ ያሉ ዘመዶቼስ ያው ነው?

መሠረቱ ያው ነው። አዳማም የስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ፣ በወንጂ ስንጥቆች መስመር ላይ ናት። ለፈንታሌ ደግሞ ከ100 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ትቀርባለች። እዚያም ዝቅ ያለው ሜዳና ዙሪያው ያለው አለታማ ኮረብታ አንድ ዓይነት መሬት አይደሉም። ጥያቄዎቹን እንዳሉ ላኩላቸው።

ክረምት ላይ መሬት የሚሰነጠቀው መንቀጥቀጥ ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። በስምጥ ሸለቆው ወለል፣ ከባድ ዝናብ ልሉን የእሳተ ገሞራ አፈር ከሥር እያጠበ ክፍተት ይከፍታል፤ ላዩ በድንገት ይደረመሳል። መንቀጥቀጥ ባይኖርም ቤት ይጎዳል። እንዲህ ያለ መስመር ግቢያችሁን የሚያቋርጥ ከሆነ ሞልታችሁ እላዩ ላይ አትሥሩ።

የምርመራውን ወረቀት ቤቱ ካለቀ በኋላ ምን ላድርገው?

ከካርታው ጋር አብራችሁ አስቀምጡት። ቤቱን ስትሸጡ ለገዢው ስጡት። ጎረቤታችሁ ሊሠራ ሲል ኮፒውን አውሱት፤ የራሱን ምርመራ ባይተካለትም፣ መሐንዲሱ ስንት ሜትር መቆፈር እንዳለበት ቀድሞ ያውቃል።